የንጉሥ ወርቅና የድኻ ላም፤ በላስታ ትውፊት የጀግና ሀብት አያያዝ

መግቢያ

በላስታ የሚነገሩትንና በገድል የተጻፉትን የነገሥታት ታሪኮች የሚመረምር ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ተአምራታቸው፣ ስለ ሕንፃዎቻቸውና ስለ ትውልዳቸው ነው። ስለ ሀብታቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ንጉሥ ላሊበላ መላእክት የረዱት ጻድቅ ብቻ አልነበረም፤ ወርቅም፣ መሬትም፣ ሠራዊትም ያለው ሰው ነበር። እንግዲህ የሰማይ ኀይልና የምድር ሀብት በአንድ ሰው እጅ ሲገኙ፣ የትውፊቱ ተራኪዎች ሁለቱን እንዴት አድርገው አስማሙአቸው? ከዚህስ አያያዝ ስለ አገሩ ሕዝብ ኑሮ ምን ልንማር እንችላለን? የዚህ አጭር ጥናት ሐሳብ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች የተወሰነ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ሀ. ጥያቄው ከየት እንደ መጣ

ጥያቄውን ያነሣሣብን ከታሪክ ትምህርት ሩቅ የሚመስል ነገር ነው። በአሜሪካ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገር ወጣቶች የሚጫወቱት አንድ ዐይነት የጠረጴዛ ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ያሰቡት ነገር መሳካቱና አለመሳካቱ ደግሞ ባለ ቍጥር ጠጠር በመጣል ይታወቃል። የዚህ ጨዋታ አባት የሚባለው በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያሳተሙት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። በእርሱ ውስጥ ጀግናው የተሰወረ ወርቅ ፈላጊ ነው፤ ያገኘው ወርቅ አንድ በአንድ ይቈጠራል፤ ማዕርጉም ባመጣው ወርቅ መጠን ከፍ ይላል።

ከዚያ በኋላ በሥዕል መጽሔቶች የታወቁትን ከሰው በላይ ኀይል ያላቸውን ጀግኖች የሚከተሉ ጨዋታዎች ተነሡ። በዚህ ጊዜ አንድ ችግር ተፈጠረ። በ1939 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ባትማን ከሰው የተለየ ኀይል የለውም፤ ነገር ግን እጅግ ባለጸጋ ነው። በ1962 የወጣው ስፓይደርማን ደግሞ ታላቅ ኀይል እያለው የቤት ኪራይ የሚቸግረው ወጣት ነው። ሁለቱን የመሰሉ ጀግኖች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ገንዘባቸው እንዴት ይያዝ? እያንዳንዱ ሳንቲም ቢቈጠር ጨዋታው የሱቅ መዝገብ ይሆናል። ሳይቈጠር ቢቀር ደግሞ ባለጸጋው ሌሎቹ በኀይላቸው የሚሠሩትን ሁሉ በገንዘቡ እየገዛ ያቀርበዋል፤ የጓደኞቹም ኀይል ከንቱ ይሆናል።

የጨዋታዎቹ ደራሲዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ልብ የሚባል ነው። በ1984 በታተመው «ማርቭል ሱፐር ሂሮስ» በተባለው ጨዋታ የጀግናው ሀብት እንደ ክንዱ ብርታት በደረጃ ስም ይጠራል፤ በኪሱ ያለው ገንዘብ ልክ ዋናው ነገር አይደለም። በ2002 መታተም በጀመረው «ሙታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ» በተባለው ደግሞ ጀግናውን ባለጸጋ ማድረግ የሚፈልግ ተጫዋች ሌሎቹ ኀይል ከሚገዙበት ነጥብ ላይ ከፍሎ ሀብቱን ይገዛል። ስለዚህ ሀብት ቍጥር መሆኑ ቀርቶ ማዕርግ ሆነ፤ ማዕርጉም በነጻ የማይገኝ ሆነ። የላስታ ገድል ጸሓፊዎችና እነዚህ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ አላዩም። ነገር ግን የገጠማቸው ችግር አንድ ነው፤ ሁሉን መግዛት የሚችል ጀግና ታሪኩን እንዳያበላሽ ማድረግ።

ለ. ገድሉ ስለ ሀብት የሚለው

ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲሆን፣ ገድሉ የተጻፈው ግን ከዚያ ብዙ ዘመን ቈይቶ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋራ በ1892 ያሳተመው ዡል ፔሩሾን ነው፤ የተጠቀመበትም ብራና በብሪታንያ ሙዚየም የነበረ ነው። ስለዚህ ገድሉ ለንጉሡ ዘመን የዐይን ምስክር ሊሆን አይችልም። የጻፉትና ያነበቡት ሰዎች ስለ ደግ ንጉሥ ምን ያስቡ እንደ ነበር ግን ደኅና አድርጎ ያስረዳናል።

የታሪኩ መጀመሪያ የታወቀ ነው። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦች ንግሥናውን ዐወቁለት ስትል ላሊበላ ብላ ሰየመችው። ካደገ በኋላ በዘመዶቹ ቅናት መርዝ ጠጣ፤ መላእክትም ወደ ሰማይ አውጥተው ከአለት የሚፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት። ነግሦም ያየውን በምድር ላይ ሊሠራ ተነሣ።

ገድሉ ስለ ገንዘብ መናገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ፣ ንጉሡ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚታነጹበትን ቦታ ከባለቤቶቹ በወርቅ ገዛ ይላል። ንጉሥ እንደ መሆኑ በከንቱ ሊወስደው ቢወድ ከልካይ እንዳልነበረው ተራኪው ራሱ ያስገነዝባል። ሁለተኛ፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የድካማቸውን ዋጋ ራሳቸው እንዲናገሩ፣ መሥራት የማይወድ ቢኖርም እንዲሄድ ፈቀደ፤ ድንጋይ ለሚፈልጡትም ዐፈር ለሚያወጡትም የጠየቁትን ሰጠ ይላል። ሦስተኛ፣ መላእክት ቀን ከሰዎቹ ጋራ ይሠሩ ነበር፤ ሌሊትም ሰዎቹ ሲያርፉ ሥራውን ይቀጥሉት ነበር ይላል።

እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ስንመለከታቸው፣ ያልተጻፈ ሕግ የተከተሉ ይመስላሉ።

1ኛ፤ የንጉሡ ሀብት የሚታወቀው በልኩ ሳይሆን በሥራው ነው። በግምጃ ቤቱ የነበረውን ወርቅ ዘርዝሮ ማስደነቅ የገድሉ ዐላማ አይደለም። መግዛት እንደሚችልና መክፈል እንደሚችል ብቻ እናውቃለን። ሀብቱ ማዕርግ ነው።

2ኛ፤ ወርቁና ተአምሩ በወሰን ተለይተዋል። ወርቅ መሬትና የሰው ጕልበት ይገዛል፤ የመላእክትን ረድኤት አይገዛም። እንደዚሁም መላእክት ሥራውን ያፋጥናሉ እንጂ ለባለ መሬቱ ዋጋውን አይከፍሉለትም። ንጉሡ መላእክት አሉልኝ ብሎ የሠራተኛውን ዋጋ እንዳያስቀር ገድሉ ይጠነቀቃል።

3ኛ፤ ሀብቱ ለጀግናው ሥጋ አይውልም። ገድሉ ላሊበላን የሚያሳየን ጾመኛና ተጋዳይ አድርጎ ነው። በእጁ ብዙ ያልፋል፤ በማዕዱ ላይ ግን ጥቂት ይቀራል። ባለጸጋነቱን የሚከፍልበት ዋጋ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ንግሥቲቱ ስለ መስቀል ክብራ የሚነገረው ደግሞ የሁለተኛውን ሕግ ዳር ድንበር ያሳየናል። ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት እንዳሠራችው ይተረካል። ሥራው በሙሉ የመላእክት በሆነበት በዚህ ታሪክ ስለ ወርቅና ስለ ደመወዝ መናገር አላስፈለገም። ደመወዝ የሚነሣው ሰው በሚደክምበት ቦታ ነው።

ሐ. ሀብቱ በእውነት ምን ነበር?

ከትውፊቱ ወደ ሰነዱ ስንመጣ የንጉሡ ሀብት መልኩን ይለውጣል። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ውስጥ የሚገኘው የሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ገዳም «ወንጌለ ወርቅ» የተባለ ጥንታዊ ወንጌል ነበረው። በውስጡ የተመዘገቡትን የመሬት ስጦታዎች ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 አሳትሟቸዋል፤ ከመካከላቸውም በንጉሥ ላሊበላ ዘመን የተሰጡ ይገኛሉ። በዚያ ጊዜ የነበሩት ባለ ሥልጣኖችም በስምና በሹመት ተዘርዝረዋል። በራሱ በላሊበላ ከተማም ባሉት አብያተ ክርስቲያናት የንጉሡ ስም የተቀረጸባቸው መንበረ ታቦቶች ተገኝተዋል። እንግዲህ ንጉሡ በተረት ብቻ የሚኖር ሰው አይደለም፤ ልግስናውም ማስረጃ አለው።

ነገር ግን መሬት የሚሰጥ ንጉሥ የሚሰጠው ምንድን ነው? የጕልት ሥርዐት እንደሚያስረዳን፣ ጕልት የተቀበለ ገዳም በመሠረቱ የሚያገኘው ከዚያ መሬት ላይ ግብር የመቀበልን መብት ነው። መሬቱን የሚያርሰው ባላገር እዚያው ይቀመጣል፤ ለንጉሡ ያገባ የነበረውን ለገዳሙ ያገባል። ስለዚህ የንጉሡ ልግስና በየዓመቱ የሚከፈለው ከባላገሩ ጐተራ ነበር ማለት ነው። የጀግናው ሀብት ማዕርግ ነው ስንል፣ ማዕርጉን የሚሸከም ትከሻ እንዳለ መዘንጋት አይገባንም።

የሥራውንም መጠን እናስብ። በላሊበላ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው። ከሁሉ የሚተልቀው ቤተ መድኀኔ ዓለም 33 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት፣ 23 ሜትር ተኩል ያህል ወርድና 11 ሜትር ተኩል ያህል ቁመት አለው። ይህም የሕንፃው አካል ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው አደባባይ ሁሉ ተቈፍሮ፣ ፍርስራሹ በሰው ጕልበት ወጥቷል። በ1520ዎቹ ላሊበላን የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሥራው ሁሉ በ24 ዓመት እንደ ተፈጸመ የአገሩ ሰዎች እንደ ነገሩት ጽፏል። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንዲሁም በ2010 ጥናታቸውን ያወጡት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ግን፣ አለቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያየ ዘመን እየተፈለፈለ እንደ ተለወጠ አመልክተዋል። እንግዲያው የድካሙ ባለቤቶች በአንድ ትውልድ የሚወሰኑ አይደሉም።

አሁን ወደ ገድሉ እንመለስ። ጸሓፊው ንጉሡ ለሠራተኞቹ እንደ ከፈለ፣ ማንንም በግድ እንዳላሠራ ይህን ያህል መናገር ለምን አስፈለገው? መልሳችን ግምት ነው፤ ነገር ግን የራቀ ግምት አይመስለንም። ሰው ያልተጠየቀውን ጥያቄ አጥብቆ አይመልስም። ገድሉ በሚጻፍበትና በሚነበብበት ዘመን ባላገሩ ያለ ዋጋ ለጌታ ሥራ መውጣትን ያውቅ ነበር። ስለዚህ እነዚያን ጕድጓዶች የሚያይ ሁሉ፣ ይህን ማን ቈፈረው፣ ምንስ ተከፈለው፣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ገድሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ። መልሱ በእውነት የሆነውን ይንገረን አይንገረን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ጥያቄው እንደ ነበረ ግን መልሱ ራሱ ይመሰክራል።

መ. የድኻው ላም

ከሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን የሚረዳው በላሊበላና በነአኵቶ ለአብ መካከል ስለሆነው የሥልጣን ለውጥ የሚነገረው ትውፊት ነው። ላሊበላ በንግሥቲቱ ምክር ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ ለቀቀ ይባላል። 18 ወር ያህል ካለፈ በኋላ ግን የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ለቤተ መንግሥት ማዕድ ሲሉ የአንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላም ወሰዱ። መስቀል ክብራም ይህን ግፍ ባየች ጊዜ ባሏ ዙፋኑን መልሶ እንዲይዝ አደረገችው።

የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ነገሩ ትውፊቱ እንደሚለው በሰላም የተፈጸመ መሆኑን ይጠራጠራሉ፤ ከዚህ ታሪክ በስተ ኋላ የዙፋን ሽሚያ ተሰውሮ ይሆናል ባይ ናቸው። ይህ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ነገር ግን ትውፊቱ የዙፋን ሽሚያን ለመሸፈን ብዙ ምክንያት ሊያመጣ ሲችል፣ የመረጠው ምክንያት አንዲት ላም መሆኗ ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። ለንጉሥ መውደቅ በቂ ነው ብሎ የሚቀበለው ሰሚ ባይኖር ተራኪው እንዲህ አይልም ነበር።

በላስታ ደጋ የሚኖር ሰው የዚህን ነገር ክብደት ሳይነገረው ያውቃል። ላም ወተትና ቅቤ ናት፤ የምትወልደው ወይፈን የነገ እርሻ በሬ ነው፤ እንጨት በጠፋበት አገር ኩበቷ ማገዶ ነው፤ በክፉ ዓመትም ተሸጣ እህል የምትገዛ የመጨረሻ ተስፋ ናት። ለቤተ መንግሥት አንዲት ላም የአንድ ቀን ማዕድ ናት፤ ለዚያ ቤት ግን ሀብቱ ሁሉ ናት።

ልብ እንበል፤ ትውፊቱ የንጉሡን ላሞች አይቈጥርም። የድኻውን ላም ግን ቈጥሯል፤ አንድ ናት። ከዚህ በላይ ሦስት ሕጎች አይተን ነበር፤ አሁን አራተኛውን እናገኛለን። የጀግናው ሀብት የሚመዘነው በራሱ ብዛት ሳይሆን፣ ጥቂት ባለው ሰው ሀብት ላይ ባደረገው ነገር ነው። ነአኵቶ ለአብም በትውፊቱ ክፉ ሰው አልተባለም፤ እንዲያውም ከላሊበላ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በስሙ የሚጠራ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ያለው ቅዱስ ነው። ላሟን የወሰዱትም ወታደሮቹ ናቸው። ሆኖም ዕዳው የተቈጠረው በእርሱ ላይ ነው። ባለጸጋ ጀግና ራሱ ባይበድልም፣ በስሙ ለሚበላው ሁሉ ይጠየቃል ማለት ነው።

ሠ. ወሰኑ በታሪክ ሲፈርስ

ገድሉ በወርቅና በኀይል መካከል ያቆመው ወሰን በእውነተኛው ታሪክ ሁልጊዜ የሚጸና አይደለም። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን ስድስት መቶ ተኩል ዓመት ያህል ተሻግረን፣ ወደ ዋግሹም ጎበዜ ዘመን እንምጣ። የዋግሹሞች ቤት ትውልዱን ከዛጕዬ ነገሥታት የሚቈጥር ነው። ዋግና ላስታን የያዙት ጎበዜ በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። እርሳቸውም የጥንቱን የደግ ንጉሥ ሥራ ተከትለው በጐንደር አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሱ።

በሀብት ማዕርግ የተመዘነ እንደ ሆነ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከትግራዩ ገዢ ከደጃዝማች ካሳ ምርጫ ይበልጡ ነበር፤ ዘውድ ነበራቸው፤ ሠራዊታቸውም በቍጥር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ካሳ ግን የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲያልፍ ስለ ረዱት፣ ጄኔራል ናፒየር ሲመለስ መድፍ፣ ጠመንጃና ጥይት ትቶላቸው ሄደ። ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን አሠለጠነ። በሐምሌ 1871 በዐድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ድል ሆነው ተማረኩ፤ ካሳም በ1872 በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሰው፣ መሬትና ዘውድ የነበረው ሀብት በመሣሪያ ተሸነፈ። ሀብት ወደ ኀይል የሚለወጥበት በር አንድ ጊዜ ሲከፈት ማዕርግ ብቻውን አያድንም። የገድሉ ጸሓፊዎች ያን በር ዘግተው የያዙት ዓለም እንዲህ መሆኑን ስላላወቁ አይመስለንም፤ እንዲህ ሊሆን አይገባውም ብለው ነው እንጂ።

ረ. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ የላስታ ትውፊት ጀግናውን ባለጸጋ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ሀብቱን በአራት ነገር ያስረዋል። ልኩን አይቈጥርለትም፤ ከተአምሩ ይለይበታል፤ ለሥጋው አይተውለትም፤ በመጨረሻም በድኻው ላም ይመዝነዋል። የጠረጴዛው ጨዋታ ደራሲዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የሚመስል ነገር ለጨዋታው ሚዛን ሲሉ አገኙት። አራተኛው ግን የላስታ ነው። ጨዋታው የሚጠይቀው አንዱ ጀግና ከሌላው ጀግና ጋራ እንዲስተካከል ነው፤ ትውፊቱ የሚጠይቀው ጀግናው ስሙ ካልተጻፈ ገበሬ ጋራ እንዲስማማ ነው።

ይህም ነገር ያለፈ ብቻ አይደለም። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ዓለም ሁሉ ያደንቃቸዋል። በ1997 ከቤተ መድኀኔ ዓለም የተሰረቀው «አፍሮ አይገባ» የተባለው መስቀል በሰረቁትና በገዙት ዘንድ የገንዘብ ዋጋ ተሰጥቶት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለስ ግን ሕዝቡ በእልልታ የተቀበለው ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ጠይቆ አይደለም። በሌላ ወገን ደግሞ ይህን ሁሉ የተሸከመው የላስታና የመላው ወሎ ገበሬ በ1973 እና በ1984 በረኀብ ጊዜ የመጨረሻ ላሙን አጥቷል። በ1975 የወጣው የመሬት ዐዋጅ የጕልትን ዘመን ዘጋው፤ ገበሬው ለዚያ ሁሉ ዘመን ያገባው ግብር ታሪክ ግን ገና በሚገባ አልተጻፈም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከላስታና ከዋግ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሽማግሌዎችን ስለ ነገሥታቱ ተአምር ብቻ መጠየቅ አይበቃንም። እያንዳንዱ ደብር ከየትኛው መሬት ምን ያህል እህል፣ ማርና ሰም ይቀበል እንደ ነበር፣ ማን ያገባ እንደ ነበር፣ በክፉ ዓመትስ ይማር እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ የሚሉንንም በሚሉት ቃል እንጻፈው። ይህን የሚያስታውሱት ሰዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። የንጉሡን ወርቅ መቍጠር አንችልም፤ ምናልባትም አያስፈልግም። የድኻውን ላም ግን ትውፊቱ ራሱ ቈጥሮ አሳይቶናል፤ እኛም ቈጠራውን ከዚያ ብንጀምር መልካም ይመስለናል።